ለእጅ ሰዓት ማሰሪያ የሚሆን ቆዳ አመራረጥ፦ ከላይኛው እስከ ገበሩ

የእጅ ሰዓት ማሰሪያ ከመዳፍ በማትበልጥ ቁራጭ ቆዳ ይሠራል፤ የሚጠበቅበት ሥራ ግን ከቀበቶ ይበልጣል። ቀበቶ ከልብስ በላይ ነው የሚታሰረው። ማሰሪያው ግን ቀኑን ሙሉ ላብ ካለው ገላ ጋር ተጣብቆ ይውላል። በየቀኑ ሲታሰርና ሲፈታ በዚያችው በአንዷ ቀዳዳ ዙሪያ ይታጠፋል። ከሰዓቱ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ደግሞ ከክብሪት እንጨት በቀጠነ ፒን ላይ ተጠቅልሎ ክብደቱን ሁሉ ይሸከማል። አንድ ዓይነት ቆዳ እነዚህን ሦስቱንም እኩል ሊችላቸው ይከብደዋል፤ ለዚህ ነው ጥሩ ማሰሪያ ከሁለት ወይም ከሦስት ንብርብር የሚሠራው፦ የላይኛው ቆዳ፣ ገበሩ፣ አስፈላጊ ከሆነም በመሃል ሙሌት።

ብዙ ጀማሪ ገንዘቡንም ጊዜውንም ለላይኛው ቆዳ ያውልና ለገበር የተገኘውን ቁርጥራጭ ይለጥፋል። ማሰሪያው ግን ቀድሞ የሚሞተው በገበሩ በኩል ነው። መጥፎ ሽታው፣ እጅ ላይ የሚቀረው ቀለም፣ ጠርዙ ላይ የሚከፈተው ስንጥቅ ሁሉም ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ቆዳ ልትገዙ ስትወጡ ሁለት ቆዳ ልትመርጡ እንደወጣችሁ ቁጠሩት።

መጀመሪያ ልኩን ያዙ

ማሰሪያው የሚገባባቸው ሁለቱ የሰዓቱ ጆሮዎች መሃል ያለውን ክፍተት በካሊፐር ለኩ። አብዛኛውን ጊዜ 18፣ 20 ወይም 22 ሚሊ ሜትር ነው። ማሰሪያው ወደ ዘለበቱ ሲሄድ በ2 ወይም በ4 ሚሊ ሜትር ይጠባል፤ በጆሮው 20 የሆነው በዘለበቱ 18 ወይም 16 ይሆናል። ለመካከለኛ የእጅ አንጓ ዘለበት ያለበት አጭሩ ክፍል 75፣ ቀዳዳ ያለበት ረጅሙ ክፍል 115 ሚሊ ሜትር ርዝመት ይበቃቸዋል። ወፍራም እጅ ላላቸው 80 እና 125 አድርጉት።

የላይኛው ቆዳ ጫፉ ላይ ስለሚታጠፍ ከዚህ ረዝሞ ነው የሚቆረጠው። አጭሩ ክፍል በሁለቱም ጫፍ፣ ማለትም በፒኑና በዘለበቱ ላይ፣ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚታጠፍ 130 ሚሊ ሜትር ያስፈልገዋል። ረጅሙ የሚታጠፈው በፒኑ በኩል ብቻ ስለሆነ 145 ይበቃዋል። ወርዱን 30 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡና ከተሰፋ በኋላ ወደ ልኩ አስተካክሉት። ትርፍ ጫፉን ለሚይዙት ሁለት ቀለበቶች 8 ሚሊ ሜትር ወርድና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ቀጫጭን የቆዳ ቁራጮች ጨምሩ። በዚህ ሒሳብ ከአንድ ስኩዌር ፊት፣ ማለትም 30.5 በ30.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ንጹሕ ቆዳ፣ እንከንና ብክነት ተቀንሶ ለስድስት ወይም ለሰባት ማሰሪያ የሚበቃ የላይኛው ቆዳ ይወጣል። ሙሉ ቆዳ መግዛት ግድ አይደለም።

የቱ እንስሳ፣ የቱ ቆዳ

በእኛ አገር የቆዳ ንግድ የከብቱ ቆዳ ይባላል፤ የበጉና የፍየሉ ሌጦ ነው። ልዩነቱ ከስም ያልፋል። የከብት ቆዳ ወፍራም ስለሆነ በማሽን ተሰንጥቆ ነው ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚወርደው። ሌጦው ግን በተፈጥሮው ቀጭን ስለሆነ ከፊቱ (ጸጉሩ ከነበረበት ጎን) እስከ ሥጋው ጎን ያለው አሠር (ቆዳውን የሚሠራው የክሮች ጥልፍልፍ) ብዙም ሳይነካ ለሥራ ይደርሳል። የቆዳ ጥንካሬ ከፊቱ በታች በተጠላለፈው አሠር ውስጥ ነው ያለው። ለቀበቶ የተዘጋጀ 3.5 ሚሊ ሜትር ቆዳ አቅጥናችሁ ወደ 0.8 ብታወርዱት የቀራችሁ ቆንጆው ፊት ብቻ ነው፤ ጉልበቱ መሬት ላይ ወድቋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከምትፈልጉት ውፍረት ብዙም የማይርቅ ቆዳ ፈልጉ።

ለላይኛው ቆዳ አንደኛ ምርጫችን የጥጃ ቆዳ ነው። አሠሩ የጠበቀ፣ ፊቱ ደቃቅ፣ ውፍረቱ ከ1.0 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ይገኛል። ሁለተኛው፣ አገር ቤት ላለ ባለሙያ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንደኛው፣ የፍየል ሌጦ ነው። ፊቱ ላይ የተፈጥሮ ጥራጥሬ ስላለው ጭረት አይታይበትም፤ ከውፍረቱ አንጻር ጠንካራ ነው፤ ለላይኛውም ለገበርም ይሆናል። የባቲ ፍየል ሌጦ በቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ስም ነው፤ ሻጩን ከየት አካባቢ እንደመጣ መጠየቅ ነውር የለውም።

የደጋ በግ ሌጦ ሌላ ጸባይ አለው። በብዙ አገር ያለው ባለ ሱፍ በግ ፊቱና የታችኛው አሠሩ በስብ ስለሚለያዩ ቆዳው ሲለበስ ይላቀቃል። ጸጉራማው የኢትዮጵያ በግ ግን ጥብቅ ነው፤ በዓለም ገበያ ለእጅ ጓንት የሚፈለገው በቀጭንነቱ ላይ ጥንካሬ ስላለው ነው። ችግሩ ለጓንት ተብሎ እንዲለጠጥ ተደርጎ መልፋቱ ነው። ማሰሪያ ደግሞ መለጠጥ የለበትም። የበግ ሌጦን ለገበር አስቀምጡት፤ ለላይኛው ከተጠቀማችሁበት ግን ከሥሩ የማይለጠጥ የናይለን ጨርቅ ለጥፉበት።

የአዞ ቆዳ ውድ ነው፣ የሚያምረውም የሆዱ ክፍል ነው፤ ጀርባው አጥንት መሰል ጉብታ ስላለው ለዚህ ሥራ አይመችም። አርባ ምንጭ የአዞ እርባታ ስላለ አገር ውስጥ የሚታወቅ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን አዞ በሳይተስ፣ ማለትም ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የሚጠበቅ እንስሳ በመሆኑ ማሰሪያውን ለንግድ ወደ ውጭ ለመላክ ፈቃድ ያስፈልጋል። ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን ጨርሱ፤ ያለ ወረቀት የተላከ በጉምሩክ ይወረሳል። የአዞ ቅርፊት የታተመበትን የከብት ቆዳ ለመለየት ሁለት ነገር ተመልከቱ። በእውነተኛው ላይ አንድ ቅርፊት ከሌላው አይመሳሰልም፣ በታተመው ላይ ግን ያው ቅርጽ በየተወሰነ ርቀት ይደገማል። እውነተኛው ሲታጠፍ በቅርፊቶቹ መገናኛ ላይ ይታጠፋል፣ የታተመው ግን የትም ይታጠፋል።

ከፈረስ ዳሌ የሚወጣው ኮርዶቫንም አለ። ቺካጎ ያለው የሆርዊን ፋብሪካ በዚህ ይታወቃል፣ ቆዳውን ለማድረስም ስድስት ወር ያህል ይፈጅበታል። ሲታጠፍ ከመጨማደድ ይልቅ እንደ ማዕበል ይንከባለላል፣ መለጠጡም በጣም ትንሽ ነው። ለመጀመሪያ ማሰሪያችሁ ግን አትንኩት፤ መርፌ የበሳውን ቀዳዳ አይደብቅም።

ጠፍር፣ ቁርበት፣ ብራና ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ሦስቱም እንደ ለፋ ቆዳ አልለፉም። ጠፍር ሲደርቅ ሞፈርና ቀንበር የሚያስርበት ጥንካሬ አለው፣ ሲርስ ግን ይላላል፤ ማሰሪያ ደግሞ በየቀኑ ይርሳል።

አለፋፉን ለዩ

ዛሬ በአገራችን ፋብሪካዎች የሚለፋው ቆዳ አብዛኛው በክሮም፣ ማለትም ክሮሚየም በተባለው ብረት ጨው፣ ነው። በዕፅዋት የለፋ፣ ማለትም ከዛፍ ቅርፊትና ከእንጨት በሚወጣ ታኒን የለፋ ቆዳ፣ በብዛት ከጣሊያንና ከሌሎች አገሮች ይመጣል። ሁለቱ በማሰሪያ ላይ ፍጹም የተለያዩ ናቸው።

በዕፅዋት የለፋው ቅርጽ ይይዛል፣ ትንሽ ይለጠጣል፣ ጠርዙ በውሃና በማሸት ብቻ እንደ መስተዋት ያበራል፣ ከጊዜ ጋር ቀለሙ ይበስላል። ላብ ግን ጠላቱ ነው፤ ታኒኑ እየታጠበ ይወጣና ቆዳው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። በክሮም የለፋው ላብና ሙቀት ይችላል፣ ለስላሳ ነው፣ ከረጠበ በኋላም ለስላሳ ሆኖ ይደርቃል፤ ጠርዙ ግን ቢታሽም አያበራም፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። ከዚህ በላይ ካስቀመጥናቸው ሦስት ሥራዎች ጋር አያይዛችሁ ስታዩት መልሱ ራሱ ይመጣል፦ ላይ በዕፅዋት የለፋ፣ ከሥር በክሮም የለፋ። ሌላ ቅንብር አይሠራም አንልም፤ ይህኛው ግን በትንሹ ጥንቃቄ ረጅም ዕድሜ የሚሰጥ ነው።

ሻጩ የማያውቀውን ወይም በግምት የሚነግራችሁን በሦስት መንገድ ማረጋገጥ ትችላላችሁ።

አንደኛ፣ ጠርዙን በስለታም ምላጭ ቁረጡና የተቆረጠውን አዲስ ገጽ በብርሃን እዩት። መሃሉ ላይ ግራጫ ወይም ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ መስመር ካለ ክሮም ነው። ከላይ እስከ ታች ቡናማ ከሆነ ምናልባት በዕፅዋት የለፋ ነው፤ ማቅለሚያው እስከ መሃል ዘልቆ ሊሆን ስለሚችል እዚህ ላይ አትቁሙ።

ሁለተኛ፣ በግማሽ ብርጭቆ ኮምጣጤ ውስጥ ሦስት አራት ዝገት የያዙ ተራ ምስማሮች ጨምራችሁ ለሁለት ሦስት ቀን አስቀምጡ። ክዳኑን አታጥብቁት፣ ጋዝ ይወጣዋል። ከፈሳሹ አንድ ጠብታ በሥጋው ጎን ላይ አድርጉ። በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ጥቁር ወይም ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ውስጡ ታኒን አለ ማለት ነው፤ ብረትና ታኒን ሲገናኙ ያጠቁራሉ። (ባልተቀባ የብረት ዘለበት ሥር በዕፅዋት የለፋ ቆዳ የሚጠቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የማይዝግ ብረት ዘለበት ተጠቀሙ።)

ሦስተኛው ቁርጥ ያለ መልስ ይሰጣል። 1 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡና ዙሪያውን በእርሳስ ሳሉ። ከዚያ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ አቆዩት። በክሮም የለፋው በሳላችሁት መስመር ላይ መልሳችሁ ስታስቀምጡት ያው ነው ማለት ይቻላል። በዕፅዋት የለፋው ይኮማተራል፣ ይጠመዘዛል፣ ሲደርቅም እንደ ቀንድ ይደርቃል። በክሮም ለፍቶ እንደገና በታኒን የታደሰ ቆዳ በምስማሩ ፈተና ይጠቁራል፣ በፈላ ውሃ ግን ይጸናል፤ ሁለቱን ፈተና አብራችሁ የምትሠሩት ለዚህ ነው።

አንዳንዱ ቆዳውን በእሳት አቃጥሎ በአመዱ ቀለም ይለያል። ይህን ተዉት። በቆዳው ውስጥ ያለው ክሮም ሦስት በከፍተኛ ሙቀት ወደ ጎጂው ክሮም ስድስት ሊለወጥ ይችላል፣ ጭሱንም ትተነፍሱታላችሁ። ክሮም ስድስት የሰው ገላ የሚያስቆጣ ነገር በመሆኑ የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገላ ለሚነካ የቆዳ ዕቃ በኪሎ ግራም 3 ሚሊ ግራም እንዳይደርስ ወስኗል። ወደ አውሮፓ የምትሸጡ ከሆነ ቆዳውን ከምትገዙበት ፋብሪካ የላቦራቶሪ ውጤቱን ጠይቁ።

ሱቅ ውስጥ፦ በዓይንም በእጅም

መርካቶ የጫማ ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች፣ ከጫማና ከጃኬት ሠሪዎች ቁርጥራጭ፣ ወይም በቀጥታ ከፋብሪካ መግዛት ይቻላል። የትም ብትገዙ ቆዳውን ዘርግታችሁ ሁለቱንም ጎን እዩ።

በአገራችን ሌጦ ላይ ትልቁ እንከን እከክ የሚባለው ነው፤ ቆዳ ፋብሪካዎች ኮክል ይሉታል። የሚመጣው በግና ፍየሉ በሕይወት ሳለ ከሚይዘው ቅማልና ሌላ የውጭ ተባይ ነው። ጸጉሩ እስካለ ድረስ አይታይም፤ ከለፋ በኋላ ግን ፊቱ ላይ ደቃቅ ጉብታና ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል፣ ቀለምም እኩል አይዝም። ቀጥሎ የመዥገር ቀዳዳ፣ የእሾህ ጭረት፣ በጋለ ብረት የተተኮሰበት ጠባሳ ይመጣሉ። ለጓንት ሠሪ ወይም ለጃኬት ሠሪ ይህ ሁሉ ኪሳራ ነው። ለእናንተ ግን ዕድል ሊሆን ይችላል፤ የምትፈልጉት 3 በ15 ሴንቲ ሜትር ንጹሕ ቦታ ብቻ ስለሆነ በዝቅተኛ ደረጃ ከተመደበ ሌጦ ውስጥ ደረጃ አንድ የሆኑ ቁራጮችን መርጣችሁ ማውጣት ትችላላችሁ።

ፊት ላይ ካለ ጠባሳ ይልቅ የምንፈራው በሥጋው ጎን ያለውን የቢላ ቁስል ነው። ሲገፈፍ ቢላ የነካው ቦታ ከፊት በኩል አይታይም፣ ግን ውፍረቱ በግማሽ ቀንሶ ይሆናል። ጣታችሁን በሥጋው ጎን ላይ እያንሸራተታችሁ ፈትሹ፤ ጥፍር የሚይዝ መስመር ካገኛችሁ ያንን ቦታ በእርሳስ አክብቡና ዝለሉት።

ከዚያ ቆዳውን ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ በጠቋሚ ጣታችሁ ላይ እጠፉት። ደቃቅና ወዲያው የሚጠፋ ሽብሽብ ከታየ አሠሩ ጥብቅ ነው። ፊቱ ከታችኛው ተለይቶ እንደ ቧንቧ ያለ ሰፊ ሽብሽብ ካወጣ የላላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሆድ ወይም ከጉያ አካባቢ የመጣ ይሆናል። እንዲህ ያለው ቆዳ ቀዳዳዎቹ ላይ በጥቂት ወር ውስጥ ይጎሳቆላል። አሁን ደግሞ ገልብጣችሁ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጉና 3 ሚሊ ሜትር በሚሆን ምስማር ላይ አጥብቃችሁ እጠፉት። ቀለሙ ከተሰነጠቀ ወይም ነጭ መስመር ካወጣ ፊቱ በወፍራም ፕላስቲክ ነክ ቀለም የተሸፈነ ነው። ለጫማ የተዘጋጀ ፊቱ ታሽቶ እንደገና የተቀባ ቆዳ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከሩቅ እንከን የለሽ ይመስላል። የተፈጥሮ ፊት ያለው ቆዳ የጸጉር ቀዳዳዎቹ እኩል አይደሉም፣ አቀማመጣቸውም ሥርዓት የለውም። ሁሉም ነገር እኩል ከሆነባችሁ ማሽን እንደነካው ጠርጥሩ።

ገበሩ

ለገበር ውፍረቱ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በክሮም የለፋ የጥጃ፣ የፍየል ወይም የበግ ሌጦ ፈልጉ። ከሁሉ በላይ ቀለሙ መልቀቅ የለበትም። ተፈጥሯዊ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም የምንመርጠው ለማማሩ ሳይሆን የሚለቅቀው ትንሽ ስለሆነ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ጥቂት ጠብታ ኮምጣጤ በአንድ ብርጭቆ ውሃ አሟሙ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ በዚህ ውሃ አርሱና ቆዳውን ጫን እያላችሁ 20 ጊዜ እሹት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ፣ ያ ቀለም ነገ የሸሚዙ እጅጌ ላይ ነው። ካልያዘ ቁራጩን በዚያው እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አሳድሩትና ጠዋት ጥላ ውስጥ አድርቁ። ደርቆ እንደ ካርቶን ከገገመ ለገበር አይሆንም፤ ትንሽ ስታሹት ወደ ልስላሴው ከተመለሰ ያዙት። ዱባይና ጅዳ ወይም በአፋርና በጋምቤላ ሙቀት ለሚውል ሰው ማሰሪያ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ፈተና ሦስት ቀን ደጋግሙት።

ደንበኛችሁ ማሰሪያ ሲያደርግ ገላው የሚቆጣ ከሆነ ሽፍታው የት እንደሚወጣ ጠይቁ። በዘለበቱ ሥር ብቻ ከሆነ ተጠያቂው ብረቱ ውስጥ ያለ ኒኬል ሊሆን ይችላል። በማሰሪያው ርዝመት ሁሉ ከሆነ ቆዳው ወይም ማቅለሚያው ነው፤ ያን ጊዜ ክሮም የሌለበት ገበር ፈልጉለት፣ የማሰሪያው ዕድሜ እንደሚያጥርም አስቀድማችሁ ንገሩት።

ገበሩን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አትለጥፉ። ማሰሪያው ሲታጠፍ ገበሩ ከውስጥ በኩል ስለሆነ የሚሄደው መንገድ ያጥራል፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይተርፋል፣ ትርፉም ተሸብሽቦ እጅ ይቆነጥጣል። ስለዚህ ማስቲሹን ከቀባችሁ በኋላ የላይኛውን ቆዳ ስፋቱ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር በሆነ ብርጭቆ ላይ ፊቱን ወደ ብርጭቆው አድርጋችሁ ሳይሆን ወደ ውጭ እንዲሆን፣ እንደሚታሰርበት ቅርጽ ጎበጥ አድርጋችሁ ያዙትና ገበሩን ከውስጥ ከጫፍ ወደ ጫፍ እየጫናችሁ ለጥፉ።

ውፍረቱን በቁጥር

ወፍራም ቆዳ ጠንካራ ማሰሪያ ያደርጋል ብሎ ማሰብ በፒኑ ላይ ይወድቃል። ባለ ሞላው ፒን ብዙ ጊዜ 1.5 ወይም 1.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። 1.8 በሆነው ላይ 0.8 ሚሊ ሜትር ቆዳ ብትጠቀልሉ ከፒኑ መሃል እስከ ቆዳው ውጫዊ ገጽ 1.7 ሚሊ ሜትር ይይዛል። ሳታቀጥኑ 1.2 የሆነውን ብትጠቀልሉ 2.1 ይደርሳል። በብዙ ሰዓት ላይ በፒኑና በሰዓቱ አካል መካከል ይህ ቦታ አይገኝም፤ ቆዳው ሰዓቱን እየፈተገ ፊቱ ይገፈፋል፣ ወይም ፒኑ ከነጭራሹ ወደ ቀዳዳው አይገባም። ስለዚህ የላይኛው ቆዳ 1.2 ይሁን፣ የሚጠቀለልበት ቦታ ግን ከሥጋው ጎን ተልጦ ወደ 0.8 ይውረድ፣ የታጠፈው 25 ሚሊ ሜትር ደግሞ ወደ ጫፉ እየሳሳ ሄዶ ወረቀት አክሎ ያልቅ። ድንገት ከተቆረጠ ማሰሪያው ላይ ደረጃ ይታያል፣ ያም ደረጃ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል።

በዚህ ስሌት በጆሮው በኩል 1.2 የላይኛው፣ 0.8 የታጠፈው፣ 0.7 ገበሩ ተደምሮ 2.7 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ለትልቅና ከባድ ሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ሙሌት ብትጨምሩ 3.7 ይሆናል። ሙሌቱ ከዳር 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ይቀመጥ፤ ስፌቱ በላዩ ካለፈ ዳሩ አይጨመቅም። በጅራቱ በኩል 1.2 እና 0.7 ተደምሮ 1.9 ነው፤ ከ2.2 በላይ አታሳልፉት፣ በቀለበቶቹ ውስጥ ለማለፍ ይታገላል።

የጀሪካኑ ፈተና

ቆዳ በጀርባ አጥንቱ አቅጣጫ ትንሽ ይለጠጣል፣ ወደ ጎን ደግሞ ብዙ። ማሰሪያ ሁልጊዜ በርዝመቱ ከአከርካሪው ጋር እንዲሄድ ሆኖ ነው የሚቆረጠው፣ ከተቻለም ከጀርባው ግራና ቀኝ። ቁርጥራጭ ስትገዙ አከርካሪው የት እንደነበር አይታወቅም፤ በሁለቱም አቅጣጫ ሳብ ሳብ አድርጋችሁ የጠነከረውን መንገድ ፈልጉና ከሥጋው ጎን ቀስት ሳሉበት።

ጥርጣሬ ካለ 10 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው ረጅም የቆዳ ቁራጭ ቁረጡ። በላዩ 100 ሚሊ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ነጥቦች አስቀምጡ። አንዱን ጫፍ በር እጀታ ላይ በመያዣ አጥብቁና በሌላው ጫፍ ውሃ የሞላ የ5 ሊትር ጀሪካን አንጠልጥሉ። ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደተንጠለጠለ ለኩት፤ ከዚያ አውርዳችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙት። ጥሩ የላይኛው ቆዳ ተንጠልጥሎ ከ105 አይበልጥም፣ ሲወርድም ወደ 101 ይመለሳል። ተንጠልጥሎ 115 የደረሰ ያለ ናይለን ድጋፍ ለላይኛው አይሆንም። ወርዶም 103 እና ከዚያ በላይ የቀረ ማሰሪያ ሆኖ ሲለበስ ደንበኛው በየወሩ አንድ ቀዳዳ እያጠበቀ ይመለሳል። ለገበር ይህን ያህል አንጠነቀቅም፤ የላይኛው ቆዳ ይይዘዋል።

ጠርዝ፣ ማስቲሽ፣ ቀዳዳ

አለፋፉን ስትመርጡ የጠርዙንም አሠራር መረጣችሁ ማለት ነው። በዕፅዋት የለፋውን በብርጭቆ ወረቀት፣ በመጀመሪያ 400 ከዚያ 800 ቁጥር፣ አለስልሳችሁ በጥቂት ውሃ አርጥባችሁ በጨርቅ ወይም በእንጨት እሹት፤ ይበራል። ክሮም ከሆነ የጠርዝ ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡ፣ በየመሃሉ አድርቃችሁ በ800 ለስልሱት። ላይ በዕፅዋት፣ ከሥር በክሮም ከሆነ የገበሩ ጠርዝ አይበራላችሁምና ሙሉውን መቀባት ይሻላል።

ዘይት የበዛበት ቆዳ፣ ሲታጠፍ ቀለሙ ሸሽቶ ፈዘዝ የሚለው ዓይነት፣ ያምራል፤ ማስቲሽ ግን በደንብ አይዝበትም። የሚለጠፈውን ጎን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ሁለቱንም ጎን ቀቡ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁና ጣት ሲነካው የማይጣበቅበት ደረጃ ሲደርስ ገጣጥሙ። ቸኩሎ የተገጠመ ማስቲሽ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀርና ከላብ ጋር ይከፈታል።

ለስላሳ የላይኛው ቆዳ ከመረጣችሁ ወፍራም ክር አትጠቀሙ። 0.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሰም የተቀባ ክር፣ ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ፣ በ3 ሚሊ ሜትር ርቀት በወስፌ ተበስቶ ይሰፋ። የዘለበቱ ቀዳዳዎች ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይራራቁ፤ ከላይኛው ቆዳ ሥር ናይለን ለጥፋችሁ ከሆነ በእነሱ ሥር ማለፉን አረጋግጡ፣ የሚቀደደው ማሰሪያ ብዙ ጊዜ የሚቀደደው እዚያ ነውና።

የተረፈውን ቆዳ በፕላስቲክ ከረጢት አትዝጉት፤ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ይሻግታል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ አየር በሚያገኝበት አስቀምጡ። ነጭ ጭጋግ መሰል ነገር ፊቱ ላይ ካያችሁ ለብ ባለ እጅ እሹት፤ ከቀለጠና ከጠፋ ከቆዳው የወጣ ስብ ነው፣ ካልቀለጠና ከሸተተ ሻጋታ ነው። ከእያንዳንዱ ማሰሪያ ላይ 8 በ65 ሚሊ ሜትር የሆነ ትርፍ የቆዳ ቁራጭ ቁረጡና የደንበኛውን ልክ ከጀርባው ጽፋችሁ አኑሩት፤ ቀለበቱ ከሁሉ ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ ሲመለስ ከዚያው ቆዳ ትቀይሩለታላችሁ።